ከኮንክሪቱ በፊት፦ የጓሮ መዋኛ ገንዳ መብራትና የኤሌክትሪክ ዝርጋታ

ዳላስ፣ አትላንታ ወይም ላስ ቬጋስ አካባቢ ቤት የገዛ ሰው ጓሮው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ሲያስቆፍር አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቅርጹ፣ ስለ ንጣፉና ስለ ዋጋው ነው። የመብራት ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ ኮንትራክተሩ «ቀለም የሚቀያይረው ይሁን ወይስ ነጩ?» ሲል ነው። ያን ጊዜ ዋና ዋናዎቹ ውሳኔዎች አልፈዋል። የገንዳው ብረት ታስሯል፣ ቱቦው ተቀብሯል፣ ኮንክሪቱ ተረጭቷል። የቀረው የአምፖል ምርጫ ብቻ ነው፤ አምፖሉ ደግሞ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው።

ጠጋ ብሎ የጠየቀ ሰው ደግሞ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «ባለ 12 ቮልት አስገባ፣ አይነዝርም፣ አለቀ።» ምክሩ ውሸት አይደለም። እኔም ዛሬ አዲስ ገንዳ ለሚያሠራ ሰው ከ12 ቮልት ሌላ አልመክርም። «አለቀ» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚቀንሰው አንድ አደጋ ነው፤ እሱም ከመብራቱ የሚመጣውን። ከፓምፑ፣ ከማሞቂያው ወይም ከመንገድ መስመር በመሬት በኩል ከሚመጣ ኤሌክትሪክ የሚያድነው በገንዳው ዙሪያ የተቀበረው መዳብ ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያያል፤ ሚዛኑ ወደ መዳቡ ቢያዘነብል አንባቢ አይገረም።

ከሕጉ እንነሳ። አሜሪካ ውስጥ መነሻው ኤንኢሲ እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ አሁን የሚያሳትመው የብሔራዊ እሳት መከላከያ ማኅበር በየ3 ዓመቱ ያድሰዋል። የመዋኛ ገንዳ ነገር የሚገኘው አንቀጽ 680 ላይ ነው። ኮዱ በራሱ ሕግ አይደለም፤ ሕግ የሚሆነው ግዛቱ፣ ከተማው ወይም ካውንቲው ሲቀበለው ነው። አንዱ ጋ የ2017ቱ እትም ሲሠራበት ሌላው ጋ የ2023ቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ልኮች ለውይይት መነሻ እንጂ የካውንቲውን የፐርሚት ቢሮ የሚተኩ አይደሉም።

ይህ ኮድ ውሃ ውስጥ 120 ቮልት መብራት ይፈቅዳል። ጣሪያው 150 ቮልት ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ጂኤፍሲአይ የሚባለው መከላከያ መኖሩ ነው። ቮልቴጁ በኤሲ ከ15፣ በማይቆራረጥ ዲሲ ከ30 ካልበለጠ ደግሞ ኮዱ ሰው ቢነካውም አደጋው አነስተኛ ነው ብሎ ያላላዋል። አውሮፓና እንደ ኤምሬትስ ያሉ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚከተሉት ዓለም አቀፉ ደረጃ፣ አይኢሲ 60364፣ ክፍል 7-702፣ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ገንዳውንና ዙሪያውን በቀጠና ይከፍላል። ውሃው ራሱ ቀጠና 0 ነው፤ ከጠርዙ እስከ 2 ሜትር ያለው ቀጠና 1፣ ከዚያ አልፎ 1.5 ሜትር ቀጠና 2። ሰው በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ቢበዛ 12 ቮልት ኤሲ ወይም 30 ቮልት ዲሲ ነው። ዱባይ ያለ ሰው «12 ወይስ 120?» ብሎ የማይከራከረው ለዚህ ነው፤ ምርጫው አልተሰጠውም። አሜሪካ ያለው ግን ተሰጥቶታል፣ ክርክሩም የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

የ120 ቮልት ደጋፊዎች ክርክር የሚቆመው በጂኤፍሲአይ ላይ ስለሆነ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ይገባል። የፈለሰፈው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ነው፤ ዘመኑም የ1960ዎቹ መጀመሪያ። ዳልዚል ቀደም ሲል በፈቃደኞች ላይ ባደረገው ሙከራ ሰው የያዘውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው ምን ያህል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደሆነ ለክቶ ነበር። አማካዩ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፒር ገደማ ሆነ። መሣሪያው በአንዱ ሽቦ የሄደውን በሌላው ከተመለሰው ጋር ያነጻጽራል፤ 5 ሚሊአምፒር ገደማ የሆነ ልዩነት ካየ፣ ማለትም የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ እየሄደ ከሆነ ወዲያው ያቋርጣል። ኮዱ የገንዳ መብራት ላይ ያስገባው በ1968 ነው፤ መታጠቢያ ቤት ሶኬት ላይ የደረሰው በ1975። ስለዚህ ለጂኤፍሲአይ ገንዳው ከመታጠቢያ ቤቱ ይቀድማል።

መሣሪያው ድንቅ ነው። ችግሩ ግን ያረጃል። ጓሮ ግድግዳ ላይ በፀሐይ፣ በዝናብና በክሎሪን ትነት የኖረ ጂኤፍሲአይ ቁልፉ ሲጫን ጠቅ ሊል፣ ውስጡ ግን ሊሞት ይችላል። በየወሩ መፈተን አለበት የሚባለውን ማን ይፈትነዋል? 120 ቮልት የሚወርድበት ውሃ ውስጥ ደግሞ በሰውና በሞት መካከል ያለው ይህ አንድ መሣሪያ ብቻ የሆነበት ቤት ሞልቷል። 12 ቮልትን የምመርጠው በዚህ ነው፤ ማንም ምንም ሳያስታውስ፣ ማንም ምንም ሳይፈትን፣ ዝቅ ብሎ ይኖራል።

ዝቅ ያለው ምን ያህል ነው? የረጠበ ሰውነት ከእጅ እስከ እጅ 1,000 ኦም ገደማ ይቋቋማል፤ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ሰውነት ወደ ጥቂት መቶ ኦም ይወርዳል። 300 እንበል። 120 ቮልት በ300 ኦም ሲካፈል 400 ሚሊአምፒር ነው፤ ልብን ለማቆም ከበቂ በላይ። 12 ቮልት በዚያው ስሌት 40 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ልብ ይሏል፣ ይህም ቢሆን ዳልዚል ከለካው የመልቀቅ አቅም በላይ ነው! ግን እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ አንድ ሰው የመብራቱን ሁለት ጫፎች በሁለት እጁ መያዝ አለበት። ወደ መሬት የሚፈስበት መንገድም የለውም፤ ምክንያቱም ለገንዳ የተፈቀደ ትራንስፎርመር ሁለተኛው ጥቅልል ከመሬትም ከመጀመሪያው ጥቅልልም የተለየ ነው፣ በሁለቱ መካከልም ከግራውንድ ጋር የተያያዘ የብረት መለያ አለው። ውስጡ ቢቃጠል እንኳ 120ው ወደ 12ቱ አይሻገርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ሆም ዲፖ መደርደሪያ ላይ ለአበባ መደብ መብራት የሚሸጠው ትራንስፎርመርም 12 ቮልት ይላል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሳጥኑ ይመሳሰላል። ለገንዳ መሠራቱ ግን በላዩ ላይ ካልተጻፈ ያ መለያ ውስጡ እንዳለ ማረጋገጫ የለም። የገንዳ ትራንስፎርመር ሲገዛ መጀመሪያ የሚነበበው የገንዳና የስፓ የሚለው ጽሑፍ ነው፤ የዋት አቅሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ሰሜን ማያሚ ውስጥ አንድ የ7 ዓመት ልጅ በቤተሰቡ ገንዳ ውስጥ ከመብራቱ ዝርጋታ በወጣ ኤሌክትሪክ ሞተ። ወላጆቹ ከዚያ በኋላ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ግዴታ እንዲሆን ዘመቻ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ አምፖሉ ይሮጣል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ባለሙያ እንዲህ ያለ ገንዳ ላይ ሲደርስ ከአምፖሉ እኩል የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ቦንዲንግ ነው።

ቦንዲንግ ከግራውንዲንግ ጋር እየተምታታ ብዙ ጥፋት አድርሷል። ግራውንዲንግ ማለት ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ በወፍራም መንገድ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ተመልሶ ብሬከሩን እንዲጥለው ማድረግ ነው። ቦንዲንግ ግን ኤሌክትሪክን የትም አይወስድም። ሥራው ሰው በአንድ ጊዜ ሊነካቸው የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ፣ ማለትም ውሃውን፣ መሰላሉን፣ የእጅ መደገፊያውን፣ የኮንክሪቱን ብረት፣ የሚረገጠውን ንጣፍ፣ የፓምፑን አካል፣ አንድ ቮልቴጅ ላይ ማዋል ነው። ልጅ ውሃ ውስጥ ሆኖ የብረት መሰላል ሲጨብጥ የሚነዝረው ውሃው ቮልቴጅ ስላለው ብቻ ሳይሆን መሰላሉ ሌላ ቮልቴጅ ስላለው ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ በልጁ የሚያልፍ ነገር የለም። ስለዚህ ከመንገድ ትራንስፎርመር በመሬት በኩል ጥቂት ቮልት ቢመጣ እንኳ፣ ይህ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ምንም ሳያጠፋ የሚሆን ነገር ነው፣ ገንዳው አካባቢ ያለው ሁሉ አብሮ ከፍ አብሮ ዝቅ ይላል።

ኮዱ ለዚህ የሚጠይቀው ቁጥር 8 ደረቅ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ብዙ ክር ያለው ሳይሆን አንድ ወጥ። የገንዳው ብረት ራሱ አካል ይሆናል። ከገንዳው ውስጠኛ ግድግዳ እስከ 3 ጫማ ያለው የሚረገጥ ዙሪያም ይካተታል። እዚያ ብረት ከሌለ መዳቡ ከግድግዳው ከ18 እስከ 24 ኢንች ርቀት፣ ከንጣፉ መሠረት ከ4 እስከ 6 ኢንች ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ይዞራል፣ ቢያንስ በ4 ቦታም ከገንዳው አካል ጋር ይታሰራል። ውሃው ራሱም ቢያንስ 9 ካሬ ኢንች ስፋት ያለው ብረት እንዲነካና ያ ብረት ከመዳቡ ጋር እንዲያያዝ ይፈለጋል። ፋይበርግላስ ገንዳ ያለው ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳታል፤ በዙሪያው ሁሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ምን ይታሰራል ብሎ።

«ታዲያ አጠገቡ አንድ የመሬት ዘንግ ብተክልስ?» የሚል ኤሌክትሪሻን አሁንም አለ። ስሌቱ አጭር ነው። ጥሩ የሚባል ዘንግ የመሬት ተቃውሞው 25 ኦም ቢሆን 120 ቮልት የሚያሳልፈው 4.8 አምፒር ነው። ባለ 15 አምፒር ብሬከር ይህን ተሸክሞ ሲውል ቢያድር አይወድቅም። ዘንጉ የሚነዝር ገንዳን እንደሚነዝር ይተወዋል፤ ባለቤቱን ደግሞ ያዘናጋዋል።

ይህ ሁሉ የሚታየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ብረቱ ታስሮ ኮንክሪቱ ከመረጨቱ በፊት ኢንስፔክተሩ የሚመጣው ለዚህ ነው። በዚያ ቀን ቤት መገኘት ከቀለም ምርጫው ሁሉ ይበልጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ማየት ይቻላል። አረንጓዴ ወይም ራቁት መዳቡ ብረቱን የሚይዝበት ማያያዣ ለመቀበር የተፈቀደ ነሐስ፣ መዳብ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፤ ከየትም የተገኘ የብረት መቆንጠጫ በጥቂት ዓመት ይበላል። ብረቶቹ እርስ በርሳቸው በተራ ማሰሪያ ሽቦ ጠበቅ ብለው መታሰራቸው ይበቃል። መዳቡ ወደ ፓምፑና ማሞቂያው ወደሚቆሙበት ቦታ የሚወጣበት ጫፍም ተጠቅልሎ ሳይጠፋ መታየት አለበት። ስልክ አውጥቶ አራቱን ማዕዘን፣ እያንዳንዱን ማያያዣ፣ ከጎኑ ሜትር አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ነው። ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ሰው «ይሄ ገንዳ ቦንድ ተደርጓል?» ብሎ ሲጠይቅ ከፎቶው በቀር መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ደንበኛ ይህን ሲያደርግ ፊታቸው የሚጠቁር ኮንትራክተሮች አሉ። ይጥቆር።

ከመዳቡ ቀጥሎ የማይመለሰው ውሳኔ ቱቦው ነው። በግድግዳው ውስጥ መብራቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቤት ኒሽ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዓይነት ውሃ የሚገባበት ነው። ይህ ሰውን ያስገርማል፤ መብራቱ በራሱ የታሸገ ስለሆነ ኒሹ ውሃ ይሞላል፣ ከኒሹ የሚወጣው የሽቦ ቱቦም (ኮንዲዩቱ) እስከ ገንዳው የውሃ ልክ ድረስ ውሃ ይሞላል። ለዚህ ነው የሽቦው መጋጠሚያ ሳጥን ከመሬት 4 ኢንች ወይም ከውሃው ከፍተኛ ልክ 8 ኢንች፣ ከሁለቱ ከፍ ያለውን መርጦ፣ ከገንዳው ግድግዳም ቢያንስ 4 ጫማ ርቆ እንዲቆም የሚጠየቀው። ዝቅ ካለ ውሃው በቱቦው ሄዶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። 12 ቮልት እዚህ ላይ አንድ እፎይታ ይሰጣል፤ በልዩ ማሸጊያ ከተሞላ ከንጣፉ ጋር እኩል የሚሆን ሳጥን ይፈቀድለታል። ሣሩ መሐል የሚያደናቅፍ ጉቶ መሳይ ሳጥን ለማይፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መብራቱ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ማወቅ ቱቦውን እንዴት መቅበር እንዳለብን ይነግረናል። ፊቱን የያዘችው ከላይ ያለች አንዲት ብሎን ናት። እሷ ስትፈታ መብራቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከጀርባው ገመዱ ተጠቅልሎ አለ፣ ገንዳው ሳይደርቅ መብራቱ ወደ ንጣፉ ወጥቶ በደረቅ መሬት ላይ እንዲሠራ ታስቦ። በዱሮው መብራት የተቃጠለውን አምፖል ቀይሮ፣ ጎማውን አድሶ መመለስ ይቻል ነበር። በአሁኑ ኤልኢዲ ግን ብዙ ጊዜ መብራትና ገመድ አንድ ላይ ታትመው ይሸጣሉ፤ 50፣ 100፣ 150 ጫማ ገመድ ያለው እየተባለ። መብራቱ ሲሞት አሮጌው ገመድ እስከ ሳጥኑ ድረስ ተስቦ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ቱቦው ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በሹል ክርን አጠማዞ ከቀበረው፣ ገመዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይያዛል። ከዚያ ንጣፍ መስበር ነው። ኮዱ በሁለት መጎተቻ ቦታዎች መካከል ያለው የመጠምዘዝ ድምር ከ360 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይላል፤ እኔ ግማሹ ይብቃ እላለሁ፣ ቱቦውም የ1 ኢንች ይሁን። ለእያንዳንዱ መብራት የራሱ ቱቦ፣ ውስጡም የናይለን ክር ይቅር። የዛሬ ጥቂት ዶላር ነው።

ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያስከፍለው ዋጋም እዚሁ ቱቦ ውስጥ ነው። ቮልቴጁ በ10 ሲቀንስ ኤሌክትሪኩ በ10 ይጨምራል፣ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም እንዲሁ። የዱሮው ባለ 300 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 25 አምፒር ይጎትታል። ትራንስፎርመሩ 100 ጫማ ቢርቅ ደርሶ መልሱ 200 ጫማ ሽቦ ነው፤ ቁጥር 10 ሽቦ በ1,000 ጫማ 1 ኦም ገደማ ስለሆነ ተቃውሞው 0.2 ኦም ይሆናል። 25 ሲባዛ በ0.2፣ 5 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። አምፖሉ ጋ የደረሰው 7 ነው፤ ብርሃኑም የሻማ ያህል። በዚያ ዘመን ሰው 120 ቮልትን የመረጠው ሞኝ ሆኖ አልነበረም። ኤልኢዲ ሲመጣ ግን ስሌቱ ተገለበጠ። ባለ 40 ዋት ኤልኢዲ 3.3 አምፒር ይበቃዋል፤ በዚያው ሽቦ የሚጠፋው 0.7 ቮልት ብቻ ነው። ቀጭኑን ቁጥር 12 እንኳ ብንጠቀም 1 ቮልት ገደማ። የገንዳ ትራንስፎርመሮች 12፣ 13 እና 14 ቮልት የሚሰጡ መውጫዎች ያሏቸው ይህችን ጉድለት እንዲያሟሉ ነው። ቀለም የሚቀያይሩ መብራቶች አንዱ ሰማያዊ ሌላው ሐምራዊ ሆነው አልስማማ ካሉ ብዙውን ጊዜ አንዱ የራቀ ስለሆነ ነው፤ መብራቱን ከመመለስ በፊት ጫፉ ላይ ቮልቴጁን መለካት ይቀድማል። ከጂኤፍሲአይ ወይም ከትራንስፎርመር በኋላ ያለው የገንዳ መብራት ሽቦ ከሌላ ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ እንዳይገባም ኮዱ ይከለክላል። ሠራተኛ ቱቦ ለመቆጠብ ሲል የሚጥሳት ሕግ እሷ ናት።

ስለ ብርሃኑ ውበት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ከውበቱ በፊት የማየው አንድ ነገር ነው። ማታ የገንዳው ወለል ከዳር እስከ ዳር ይታያል ወይ? ከላይ በረንዳ ላይ የተሰቀለ ኃይለኛ መብራት ውሃው ላይ ተንጸባርቆ ዓይን ያጠፋል፣ ከሥር ያለውን ይሰውራል። ወለሉ ላይ የተኛ ልጅ የሚታየው ከውስጥ በሚበራ ገንዳ ነው። አንድ ትልቅ መብራት ጥላ ይተዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሾች ይሻላሉ። መብራቶቹ በቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሆነው ወደ ውጭ ቢያዩ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ አይወጋም። የጨለመ ግራጫ ወይም ጥቁር ሽፋን ያለው ገንዳ ብርሃን ይጠጣል፤ ለነጭ ገንዳ የበቃው ለእሱ አይበቃም። የመብራቱ የላይኛው ጫፍ ከውሃው 18 ኢንች መጥለቅ አለበት፣ ለ4 ኢንች የተፈቀዱ ትንንሾች ካልሆኑ በቀር፤ ለመቀመጫ ደረጃ የሚስማሙት እነሱ ናቸው።

አማራጭ ተብለው የሚነሱም አሉ። ፋይበር ኦፕቲክስ ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ከውሃው አውጥቶ ብርሃኑን ብቻ በክር ይልካል፤ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፣ ግን ደብዘዝ ይላል፣ ኤልኢዲም ቀደመው። በፀሐይ የሚሠሩ ተንሳፋፊ ኳሶች ጌጥ ናቸው። በጨው ክሎሪን የሚያመነጭ ገንዳ ያለው ሰው ደግሞ ውሃው ውስጥ በሚሊዮን 3,000 እጅ ገደማ ጨው ስላለ ብሎኑም ማያያዣውም ቶሎ እንደሚበላ አስቦ የፕላስቲክ አካል ያለውን መብራት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከውሃው ወጥተን ዙሪያውን ስናይ ርቀት ነው ሕጉ። ሶኬት ከውስጠኛው ግድግዳ ከ6 ጫማ አይቀርብም፤ ከ6 እስከ 20 ጫማ ባለው ውስጥ ቢያንስ አንድ መኖር አለበት፣ እሱም በጂኤፍሲአይ። ግዴታ የሆነው ሶኬት ከሌለ ሰው በኤክስቴንሽን ስለሚያመጣ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ 5 ጫማ። የአበባ መደብ ዝቅተኛ ቮልቴጅ መብራት፣ ለገንዳ ዳር ያልተፈቀደ ከሆነ፣ 10 ጫማ። ከገንዳው በላይ የሚያልፍ የመንገድ የኤሌክትሪክ መስመር 22.5 ጫማ ከፍታ ይጠየቅበታል፤ አንዳንድ ጓሮ በዚህ ብቻ ገንዳ አይቆፈርበትም። ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ የፕላስቲክ ኮንዲዩት በተለምዶ 18 ኢንች፣ ያለ ቱቦ የሚቀበር ገመድ 24 ኢንች ይወርዳል።

የእኛ ሰው ጓሮ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ክርስትና ወይም ልደት ሲሆን ከገንዳው ማዶ ለማዶ አምፖል ይዘረጋል፣ ዲጄው ስፒከሩን ውሃው ዳር ያቆማል፣ ቡና የምታፈላው እናት ሣሩን ጎዝጉዛ ረከቦቱንና የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ነፋሻው ቦታ ላይ፣ ገንዳው አፍ ላይ ትዘረጋለች። ምድጃው በኤክስቴንሽን ነው፤ ኤክስቴንሽኑ ከሳሎን በመስኮት የወጣ፣ ጂኤፍሲአይ የሌለበት። በ12 ቮልት መብራት የተመሰገነ ገንዳ በዚያ ቀን 120 ቮልት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦበታል። ፕላኑ ሲወጣ «እንግዳ የት ይቀመጣል? ቡናው የት ይፈላል?» ብሎ ጠይቆ ከገንዳው 10 ወይም 12 ጫማ ርቆ ሁለት ጥሩ ሶኬት ያለው ምሰሶ ማቆም ከማንኛውም ክልከላ ይልቅ ይሠራል። የአሜሪካ ኮንትራክተር ይህን አይጠይቅም፤ መናገር የባለቤቱ ነው።

ፓምፑ 240 ቮልት ነው የሚሠራው፣ አብዛኛው ጊዜ። ከሐምሌ 2021 ወዲህ በፌዴራሉ የኃይል ቁጠባ ደንብ ምክንያት ገበያውን የያዙት ፍጥነታቸው የሚቀያየር ፓምፖች ናቸው፤ እነዚህ አንዳንድ ጂኤፍሲአይ ብሬከሮችን ያለ ምክንያት ይጥላሉ። መፍትሔው ፓምፑና ብሬከሩ እንዲስማሙ አምራቹ የሚመክረውን መግዛት ነው፤ ብሬከሩን በተራ ብሬከር የሚቀይር ሠራተኛ ከበሩ ይመለስ። ትራንስፎርመሩንም ሆነ የብሬከር ሳጥኑን ከክሎሪን ማስቀመጫ አጠገብ አለማድረግ ነው፤ ትነቱ መዳብን ያረነጉዳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ አዲስ ለሚያስቆፍር ነው። አብዛኛው ሰው ግን ገንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነው የሚገዛው፣ የቤት ኢንስፔክተሩም ገንዳ ላይ ሲደርስ ፓምፑን አስነስቶ ያልፋል። የ1970ዎቹ ገንዳ ከሆነ ለብቻው የገንዳ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። እሱም የመጋጠሚያ ሳጥኑን ከፍቶ የግራውንድ ሽቦው በዝገት መበጠስ አለመበጠሱን ያያል፤ ብዙ ጊዜ ጉዱ እዚያ ነው፣ ክዳኑ ሲነሳ አረንጓዴ ዱቄት። ጂኤፍሲአይውን በቁልፉ ብቻ ሳይሆን በመለኪያ ይፈትናል። በውሃው፣ በመሰላሉና በንጣፉ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ይለካል፤ አንዴ ሁሉም ነገር በርቶ፣ አንዴ የቤቱ ዋና ብሬከር ጠፍቶ። ዋናው ጠፍቶም ቮልቴጅ ካለ ችግሩ ከቤቱ ውጭ ነው፤ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ኩባንያው ነው። የ120 ቮልቱን መብራት በ12 መቀየር ብዙ ጊዜ በአሮጌው ኒሽና ቱቦ ይቻላል፤ ትራንስፎርመር ይጨመራል፣ ኒሹና መብራቱ መጣጣማቸው ይረጋገጣል። የጎደለ የንጣፍ ቦንዲንግ ግን በዚህ አይሞላም። ንጣፉን ዙሪያውን ቆርጦ መዳብ ማስገባት ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከመብራቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ ቤቱ ሳይገዛ በፊት የሚደራደሩበት ነገር ይህ ነው። ውሃው ውስጥ ወይም መሰላሉን ሲነኩ ትንሽ የመንዘር ስሜት ከተሰማ ደግሞ የሚጣራ ነገር የለም፦ ብረት ሳይነኩ ከመሰላሉ ርቆ መውጣት፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ መከልከል፣ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ከዚያ መደወል።

ከአሜሪካ ዕቃ ገዝተው አዲስ አበባ ላለ ቤት ለሚልኩም አንድ ነገር። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ የገንዳ ትራንስፎርመር እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። የ12 ቮልት መብራቱ ራሱ ግን ከስንት እንደወረደ ግድ የለውም፤ ስለዚህ መብራቱን ከዚህ፣ 220 ቮልት የሚቀበልና ለገንዳ የተሠራ ትራንስፎርመር ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ገበያ ማድረግ ይቻላል። ትራንስፎርመሩ ከጠርዙ ከ3.5 ሜትር በላይ፣ ከሦስቱም ቀጠና ውጭ ይቁም፤ የሚመግበው መስመር ላይም ባለ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ፣ ማለትም የጂኤፍሲአይ አቻ፣ ይግባ። ከሻንጣው ጋር የቦንዲንጉ ፎቶ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ ሥዕል ቢላክ፣ እዚያ ብረቱን የሚያስረው ፎርማን መዳቡን ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ያስገባዋል።